የኦዲተሩ መስታወት

ሦስት ቀን ሙሉ ዲላ ቢሯችን ሲመላለስ ስሙን ያልነገረን ኦዲተር በደረት ኪሱ ክብ የሴት መስታወት ይዞ ይዞራል። ኢንተርኔት ለየክፍሉ የሚያከፋፍሉትን ሳጥኖች፣ ስዊች የምንላቸውን፣ ከግድግዳው ሳይፈታ መስታወቱን ከሥራቸው አስገብቶ ቁጥራቸውን ይለቅማል። የኮቱ ክርን ተጥፏል። ጫማውን ግን ጪጩ ከተማ ያለውን ቅርንጫፋችንን አይቶ በጭቃ ሲመለስ እንኳ በር ላይ ቆሞ ሳይወለውል አይገባም።

ሻይ ስንጋብዘው፣ «አንድ ቀን ሻይ ጋብዘውኝ ሳላይ ፈርሜያለሁ» አለና ከቦርሳው ደረቅ ዳቦ አወጣ። ከዚያ ምን እንደደረሰበት የጠየቀው የለም።

በሦስተኛው ቀን የንብረት ክፍሏን ገበያነሽን ጠራት። ሥራ አስኪያጃችን በራሱ መኪና ያመጣውን ካርቶን ሳትከፍት «አዲስ ስዊች» ብላ ፈርማ የተረከበችው እሷ ናት። አለቃ ያመጣውን ማን ይከፍታል?

«ይህ ስዊች ከየት ነው የተገዛው፣ እህቴ?»

«ከአዲስ አበባ። አዲስ ዕቃ ነው።»

«እስቲ ይህንኑ፣ በመዝገብሽ ከሰጠሽው ቁጥር ጋር፣ በእጅሽ ጻፊልኝ።»

ጻፈች። በዋዜማው በምሳ ሰዓት ያንን አዲስ የተባለ ስዊች በመስታወቱ አይቶ ፈገግ ሲል አይቼው ነበር፤ አልነገርኳትም።

ወረቀቱን ተቀብሎ ስዊቹን ነቀለና ገለበጠው። ከሥሩ የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፏል። ከአራት ዓመት በፊት አሮጌ ተብሎ በጨረታ የሸጥነው የራሳችን ዕቃ ነው፤ መጀመሪያ ሲገዛ ቁጥሩን በእጇ የጻፈችበትም ገበያነሽ ናት።

ወረቀቱን ከቁጥሩ አጠገብ አስቀመጠላት።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አላት፣ መስታወቱን በመሐረብ እየጠረገ። «ያኔም ያምር ነበር።»