«ቸርኬ ቀያሪ» የተባለው አስናቀው

ቢቸና ውስጥ ብስክሌቱን ለአስናቀው ትቶ ልቡ አርፎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አላውቅም። ሁሉም ዞር እያለ ያያል። አንዳንዱማ ማዕዘኑ ጋ ደርሶ ይመለሳል፤ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል ኪሱን ይዳብሳል፤ ዓይኑ ግን ብስክሌቱ ላይ ነው።

አስናቀው ስጦታው የሞጣ ልጅ ነው። በወታደርነት ሰባት ዓመት አሥመራ ሲቀመጥ ከካምፑ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ፤ በእረፍቱ እሳቸው ዘንድ እየዋለ ሙያውን ለቀመ። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን በሱዳን ዞሮ አገሩ ገባ። የአባቱን መሬት ወንድሙ ይዞት ጠበቀው። አልተጣላም፤ ቢቸና መጥቶ በእትዬ አገሬ ጠጅ ቤት በረንዳ ላይ ብረት ነክሳ የምትይዝ አንዲት ሞርሳ ተከለ። ከዚያች በረንዳ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

እንግዲህ አስቡት፤ የሌላ ከተማ ሰው፣ የተበተነ ጦር ወታደር፣ በዚያ ላይ ዝምተኛ። ለኛ ከተማ ይህ ብቻውን ክስ ነው።

ወሬው ከየት እንደ ተነሣ ጠይቄ ጠይቄ ደክሞኛል። «ቸርኬ ይቀይራል» ነው የሚባለው። ያኔ የነበሩት ብስክሌቶች ከአባት የተወረሱ አሮጌዎች ናቸው፤ ቸርኬያቸው፣ ማለት ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ ወፍራምና ኒኬል የተነከረ ነው። እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ አይገኝም ይባላል። ስለዚህ አስናቀው ጥሩውን ፈትቶ ያረጀውን ይገጥማል፣ ጥሩውን ሞጣ ወስዶ ይሸጣል ተባለ። ያየ አለ? የለም። የተቀየረበትስ? «አንድ የሉማሜ ሰው» ይሉሃል። ስሙስ ማነው? ወሬ ይለውጣሉ።

ሰዉ መላ ዘየደ። ብስክሌቱን ከመስጠቱ በፊት ቤቱን ዘግቶ ቸርኬው ላይ በምስማር የምስጢር ምልክት ይጭራል። አንዱ መስቀል፣ አንዱ የስሙን ፊደል። እኔም ሦስት ሰረዝ ጭሬያለሁ፤ አልደብቅም። የት ላይ? ጎማው በማይሸፍነው፣ ቶሎ በሚታየው ቦታ፣ በጎኑ ላይ። የፍሬኑ ላስቲክ ተጭኖ ብስክሌቱን የሚያቆመው ያንኑ ጎን ይዞ መሆኑን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም!

ምስማር ብረቱን ሲቀደው የጭረቱ ጠርዝ እንደ እሾክ ይቆማል። ላስቲኩ እዚያ በደረሰ ቁጥር ይነከሳል፤ በሳምንቱ ይቆራረጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ሰውየው ከወደቀ በኋላ አቧራውን እያራገፈ «አስናቀው ያበላሸብኝ ነው» ይላል። ከዚያ ሌላ ጠጋኝ ስለሌለ መልሶ ለአስናቀው ያመጣለታል። ከማምጣቱ በፊት ደግሞ አዲስ ምልክት ይጭራል።

አስናቀው ጠያቂ አይደለም። ብስክሌቱን ገልብጦ ቸርኬውን ያሽከረክርና ያልተፈተለ ጥጥ በጎኑ ላይ ያስጠጋል። ጥጡ ተይዞ ጭራ ጥሎ የቀረበትን ቦታ በጠመኔ ያከባል። ከዚያ በደቃቅ ሞረድ፣ ቀጥሎም ውኃ በነካ ብርጭቆ ወረቀት እሾኩን ብቻ ያለሰልሳል። እስከ ጭረቱ ሥር አይወርድም፤ ከዚያ በኋላ ግን ጭረቱ በዓይን አይለይም። «ብዙ ከፋቅሁት ብረቱ ይሳሳል፤ የሳሳ ቸርኬ ደግሞ ሰው እንደ ጫነ ይሰነጠቃል» ይል ነበር።

በሰማንያ ስምንት ጥቅምት ላይ መምህር ሣህለ ማርያም የአባቱን ብስክሌት አመጣ። ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ነክሶ ከመሪው በላይ ሊወረውረው ነበር። በሁለተኛው ቀን ሊወስድ መጣና ሰላምታም ሳይሰጥ በርከክ ብሎ ቸርኬውን እያዞረ ይፈልግ ጀመር።

«የታለ?»

«ምኑ፣ መምህር?»

«ምኑን አንተ ታውቀዋለህ!»

«ፍሬኑን ይሞክሩት እንጂ። አሁን አይነክስም።»

«ፍሬን መቼ ጠየቅሁህ? ቸርኬዬን አምጣ!»

ጠጅ ቤቱ ብርሌውን እንደያዘ ወጣ። እትዬ አገሬም ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ። «ምንድን ነው ደጃፌ ላይ?»

«ቀይሮብኛል፣ እትዬ። ምልክት ነበረው።»

«ምን ዓይነት ምልክት?» አለ አንዱ ጠጪ።

«እሱ ፊትማ አልናገርም! ልንገረውና ይቅረጽልኝ?»

«ያ የሉማሜ ሰው እውነቱን ኖሯል» አለ ሌላው።

እትዬ አገሬ ወደ አስናቀው ዞሩ። «ስማ አስናቀው። በረንዳዬን ለሌባ አላከራይም። ዛሬ ከዚህ ነገር ካልጸዳህ ሞርሳህን ንቀል።»

አስናቀው እጁን ጠረገ። «ምልክቱን ለአያ ቀለሙ በጆሮአቸው ይንገሯቸው» አለ። አያ ቀለሙ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠጃቸውን አስቀምጠው ጆሮአቸውን ሰጡ። መምህሩ በእጁ ከልሎ አንሾካሾከ። አስናቀው ከጓዳ የድስት ቂጥ ጥቀርሻ ለመነ። በጨርቅ የቸርኬውን ጎን ዙሪያውን ቀባው፤ በሌላ ጨርቅ ወለወለው። ለስላሳው ላይ ያለው ሁሉ ተጠረገ። ሞረዱ ያልደረሰበት የጭረቱ ሥር ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

አያ ቀለሙ ጎንበስ ብለው አዩ። «መስቀል ነው። ግራ ክንዱ አጭር። ያልከኝ ይኸው አይደል?»

«ምስማሩ አዳልጦኝ ነው ያጠረው» አለ መምህሩ ሳያስበው።

አለቀ፣ አይደል? በሌላ አገር ያልቅ ነበር። አስናቀው ፍሬኑን እንዳያንሸራትት ጥቀርሻውን በሳሙና እያጠበ ሳለ መምህሩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ግን እኮ፣ የኔን አይቶ በሌላ ቸርኬ ላይ አስመስሎት ቢሆንስ?»

ይህን ያለው ልጆቻችንን የሚያስተምር ሰው ነው! እኔን ያቃጠለኝ የሱ አፍ አይደለም፤ የቆሙት ራስ መነቅነቅ ነው። «ይሆናል» እያሉ!

«መምህር» አለ አስናቀው፤ «እርስዎ ባይጭሩት ኖሮ ብስክሌቱ እኔ ዘንድ ባልመጣ። ላስቲኩን የነከሰው መስቀሉ ነው።»

«መስቀል ነከሰ ይላል እኮ! ስሙልኝ!» አለ ጠጪው፤ ሳቁ ፈነዳ።

እትዬ አገሬ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ፈረዱ። «እሺ፣ ይቀመጥ። ሌብነቱ አልታየም። ከእንግዲህ ግን ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ እያየው ይሥራ።» ምሕረት ያደረጉለት መስሏቸዋል። ሁላችንም እንደዚያው መስሎናል።

«እትዬ» አላቸው አስናቀው፤ «ሰባት ዓመት ዘብ ቆሜያለሁ። ዘብ እየቆመብኝ ግን አልሠራም።»

የሞርሳውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። አያ ቀለሙ ክንዱን ያዙት። «ልጄ፣ ነጻ ወጣህ እኮ፤ ወዴት ነው?»

«አያ፣ ነጻ ለወጣ ሰው ጠባቂ አይቆምለትም» አለ። በማግስቱ ሞርሳውን በጆንያ ጠቅልሎ በሞጣ መኪና ሄደ። እዚያ ደንበኛ ሳያጣ ሥራውን ቀጠለ።

ቢቸና እስካሁን የቸርኬ ጎን የሚያስተካክል ሰው የላትም። ባለፈው ዓመት መምህር ሣህለ ማርያምን ያንን ብስክሌት ቁልቁለቱን እየገፋ በእግሩ ሲወርድ አገኘሁት። ፍሬኑ እንደገና ነክሷል።

«ምን ያንገላታሃል?» አልኩት። «በአውቶቡስ ጭነህ ሞጣ አስናቀው ዘንድ አትወስደውም?»

«እሱማ ይሠራው ነበር» አለኝ። «እዚያ ማን ቆሞ ያይልኛል?»