የሰረጎደው የመሳያ ድንጋይ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን እኔ ገና የወተት ጥርሴን ያልጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ወደ አማኑኤል ከሚወስደው መንገድ ፈንጠር ብሎ፣ ከወንዙ በላይ ነበር። አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል፤ እናቴም ስንቅ ይዛ ተከትላዋለች። እኔን የምታሳድገኝ የአባቴ ታላቅ እህት ጥሩወርቅ ነበረች። እቴቴ ነበር የምላት። ድምጿ ወፍራም፣ መዳፏ ሰፊ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበረች።

አንድ ቀን ከጫካ መልእክተኛ መጣና ከአያቴ የወረስነውን የመሳያ ድንጋይ ጠየቀ። ጥይት ስላለቀባቸው ሰዎቹ የሚዋጉት በጎራዴ ነበር፤ በዚያ ያለው ድንጋይ ደግሞ ልል ሆኖ ስለት አያወጣላቸውም። የእኛው ጥቁር፣ ክንድ የሚያህል፣ ብረት የሚበላ ድንጋይ ነው። ነገር ግን የሰፈሩ ማጭድ ሁሉ ለዓመታት ስለተሳለበት መሀሉ እንደ ገበቴ ሰርጉዷል። ለማጭድ ግድ የለም፤ የጎራዴ ስለት ግን ያወላግዳል። መልእክተኛው አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ፊቱን ደልድዬ እልከዋለሁ» አለችው አክስቴ። «ለወንድሜ እንደዚህ ብለህ ንገረው።»

ያረጀ ወፍጮ ገለበጠችና ጠፍጣፋ ጀርባው ላይ የወንዝ አሸዋ በትና፣ ውኃ ረጭታ፣ መሳያውን በፊቱ ደፍታ እንደ መጅ ትገፋው ጀመር። ከውጭ ለሚሰማ ሰው እህል የምትፈጭ ነው የምትመስለው። ሦስት ቀን ገፋን። አሸዋው ጭቃ ሆነ፣ ወፍጮው ተላገ፣ መሳያው ግን ንክች አላለም። በአራተኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ባልጩት ለቅማ መጣች፤ በመዶሻ አድቅቃ በወንፊት ነፋችው። ያኔ ድንጋዩ መበላት ጀመረ። ፊቱን በከሰል ታሰምርበታለች፤ ስንገፋው የጠርዙ ከሰል ይጠፋል፣ የመሀሉ ይቀራል። ከሰሉ የቀረበት ቦታ ገና ጎድጓዳ ነው ማለት ነው።

ሲመሻሽ፣ ፍሙ አመድ ሳይለብስ፣ በኑግ ዘይት መብራት አጠገብ ተራዬን ስገፋ ተረት ትነግረኝ ነበር። እጄ ሲቆም ተረቱም ይቆማል። አያ ጅቦ ነግሦ ቀንድ ያለው ሁሉ ቀንዱን እንዲቆርጥ ስላወጀበት ጊዜ ያወራችልኝን አልረሳም። አሮጊቷ ላም ቀርባ፣ «ጌታዬ፣ መቁረጫ የለኝም፤ ጥርስዎን ነቅለው ያውሱኝ» አለችው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እጄን ስለቅ፣ አክስቴ ተረቱን አቋርጣ ወደ ድንጋዩ በአገጯ ጠቆመችኝ።

ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለጣሊያን ያደረው ጭቃ ሹም ሁለት ባንዶች አስከትሎ ገባ። አክስቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ጭቃ ሹሙ ከወፍጮው ሥር የተጠራቀመውን ዝቃጭ በጣቱ ነክቶ አሸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ካውድማ ተጠርጎ የመጣ ነው። እህሉን ወስደህ አፈሩን ተውክልን። እሱን እየፈጨን ነው።»

አገር አንቱ የሚለውን ሰው አንተ አለችው። ፊቱ ጠቆረ።

«ወንድምሽ የት ነው?»

«አገሩ ውስጥ ነው።»

«ተነሽ!»

«የጀመርኩትን አልጨረስኩም» አለች፣ ድንጋዩን እየገፋች።

ባንዶቹ በብብቷ ይዘው አነሷት። ድንጋዩን መጅ ነው ብለው አልፈውት ሄዱ። ደጃፍ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ ፈጭተሽ ጨርሺ» አለችኝ። ደብረ ማርቆስ ወስደው አሰሯት።

ጎረቤታችን ሌት ሌት እየመጣች አብራኝ ታድር ነበር፤ ቀን ቀን ግን ብቻዬን ነኝ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ባልጩቱን እንዳየኋት አድቅቄ፣ ነፍቼ፣ ከሰል አስምሬ ገፋሁ። የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ውኃው ቀላ፤ ጨርቅ ጠምጥሜ ቀጠልኩ። ሰው በደጅ ሲያልፍ እጄ እንዲቆም አልፈቅድለትም ነበር፤ እንዲያውም አጠንክሬ እገፋለሁ፣ ይስሙኝ ብዬ። ከብዙ ቀን በኋላ ከሰሉ ከዳር እስከ ዳር ባንዴ ጠፋ። አላመንኩም። ደግሜ አሰመርኩ፤ ደግሞም ጠፋ።

አክስቴ በሦስተኛው ሳምንት ተለቀቀች። ሁለት ጥርሷ የለም፣ ጀርባዋ በጅራፍ ተተልትሏል፣ የቀኝ እጇ ጣቶች አብጠዋል። ያቀረብኩላትን ውኃ ጠጣችና ድንጋዩን አምጪ አለችኝ። በመዳፏ ዳሰሰችው። ቢላዋ አንስታ ስለቱን ፊቱ ላይ አጋደመችና ወደ መብራቱ ያዘችው፤ ከሥሩ ብርሃን አላለፈም። ጎበዝ ትለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አይኗ ግን እንባ ሞላ።

«ምን አደረጉሽ፣ እቴቴ?» አልኳት።

«ጠየቁኝ። አልነገርኳቸውም።»

ከዚያም ባበጠ እጇ ድንጋዩን ገለበጠችው። ያም ፊቱ እንደ መጀመሪያው ሰርጉዷል።

«በዚህም በኩል ይሳልበታል» አለች። «ሂጂ፣ ባልጩቱን አምጪ።»

ድንጋዩ ሁለት ፊቱ ተስተካክሎ ጫካ ሄደ። እሱ ሳይመለስ ቀረ፤ አባቴና እናቴ ግን ጣሊያን ሲወጣ ተመለሱ። እኔ ያኔ እምቢ ማለት ጮክ ብሎ የሚነገር ነገር ይመስለኝ ነበር። በልቤ የቀረው ግን ያ ያበጠ የአክስቴ እጅ ነው፤ ስለ ሕመሙ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ያልተነካውን ፊት ሲገለብጥ አየሁት።