የአላምረው ግራ እግር

አላምረው መኪና በእግሩ መንዳት ትቶ በጆሮው መንዳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሰው የሚያውቀው ሌላውን ነው። ከዳባት ገበሬዎች ተወልዶ፣ በሃያ ዓመቱ ጎንደር ገብቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት መሪ ጨብጧል። ሊማሊሞን በጉምም በጭቃም ወጥቶ ወርዷል። አንድም ቀን የሰው ደም አላፈሰሰም። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ደግሞ፣ በደጋ ላሉ ከብቶችና በጎች ክትባት የሚያደርስ ድርጅት ሹፌር ነው።

ሹፌሮች የሚደግሙለት ቃልም አለው። ማርሻቸውን ራሳቸው የሚለውጡ መኪኖች ጎንደር መግባት የጀመሩ ጊዜ፣ አራዳ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ «አውቶማቲክ ማለት የተኛ ሰው የሚነዳት መኪና ናት» አለ። ተሳቀ። ቃሉም ከሻይ ቤቱ ወጥቶ መናኸሪያ ደረሰ፤ ከመናኸሪያ አይከልና ደባርቅ ሄደ። እሱን በመልክ የማያውቁ ሁሉ በስሙ ይጠቅሱት ጀመር።

ሕመሙ የጀመረው ከወገቡ ነው። ሐኪሙ የወገቡ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል ብሎት ነበር፤ ተመለስ ባለው ቀን ግን አልተመለሰም። በዚያ ሰሞን ሚስቱ የትነበርሽ አረፈች። ድንዛዜው ከዳሌው ወርዶ ከግራ ጉልበቱ በታች ሲሰፍር ሐዘኑ ነው ብሎ ተወው። በዚያ ጊዜ ሌላውም አካሉ ብዙ የሚሰማው ነገር አልነበረም። ማራኪ ሰፈር ያለው ግቢው ውስጥ ሦስት ክፍል ለተማሪዎች አከራይቷል፤ ጠዋት ሰላም ሲሉት ሰላም ይላል፤ ማን ከየትኛው ክፍል እንደሚወጣ ግን አይለይም።

ሐዘኑ ሲለመድ የእግሩ ስሜት ግን አልተመለሰም። ፍሪሲዮን የሚረገጠው ደግሞ በግራ እግር ነው። ማርሽ ሲለወጥ ይረገጣል፣ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፤ ሞተሩና ጎማው የት ላይ እንደሚገናኙ እግር ብቻ ያውቃል። የአላምረው እግር ማወቅ ሲያቆም፣ ጆሮው ተካው። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ያኔ ይዟል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የግራ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ሞከረ። አልረዳውም፤ ልማዱ ግን ቀረ። ምነው ብለው ሲጠይቁት «ጣቴን ይጫነኛል» ይላል። በመኪና ውስጥ ሙዚቃ ማስከፈትም ተወ። ሰው ይህንንም ለየትነበርሽ ሐዘን ቆጠረለት።

በኅዳር መጀመሪያ ድርጅቱ አዲስ መኪና እንዲገዛ ተፈቀደለት። ሥራ አስኪያጁ አንዳርጋቸው ሰኞ ዕለት የግዢውን ቅጽ ይዞ በድርጅቱ ግቢ አገኘው።

«ሁሉንም ሞልቼዋለሁ፤ አንዲት ነገር ቀርታለች» አለው። «በማርሽ ትሁን ወይስ አውቶማቲክ? ያንተን ቃል ባውቀውም ለወጉ ዓርብ ተሰብስበን እንነጋገርና ትፈርማለህ። የምትነዳት አንተ ነህ።»

«እሺ» አለ አላምረው። ቅጹን አልተቀበለም።

ረቡዕ ለክትባት ጃናሞራ ነበሩ። ዝናሽ፣ ድርጅቱ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የሆነች የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ከጎኑ ተቀምጣለች። የሚካኤል ዋዜማ ነው። ከዳገቱ ግርጌ መሪጌታ ህሩይና ስድስት ሰዎች ከበሮ ይዘው፣ ነጠላ አጣፍተው መንገድ ዳር ቆመዋል። ከዳገቱ በላይ ላለው ደብር የሚሄዱ ናቸው። የቢሮው ደንብ ሰው አትጫኑ ይላል። ግን ለንግሥ የቆመን ካህን አልፎ የሚሄድ ሹፌር በዚያ አገር በሚቀጥለው ጊዜ ጎማው ሲቀበር የሚገፋለት አያገኝም። ቆመ። ከኋላ ተጫኑ።

መኪናዋ እንደተነሳች መዝሙሩ ተነሳ። ከበሮው በጠባቧ መኪና ውስጥ ሲመታ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። አላምረው ዝም በሉ ማለት ፈለገ። ምን ብሎ ይላል? በሚካኤል ዋዜማ የሚካኤልን ምስጋና አቁሙ ይበል? ሞተሩን እንዳዳምጥ ቢልስ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የነዳ ሰው ምን ሊያዳምጥ ነው? ዝም ብሎ ወጣ።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ጭነት የያዘች በቅሎ መታጠፊያው ላይ ተገትራ አገኟት። ቆመ። በቅሎዋ አለፈች። እንደገና ሊነሳ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ የለቀቀ መሰለው። ሞተሩ ይያዝ አይያዝ ከበሮው አላሰማውም። የእጅ ፍሬኑን አወረደ። መኪናዋ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ተንፈራገጠችና ሞተሯ ጠፋ፤ ወደ ኋላም መንሸራተት ጀመረች። በቀኝ እግሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማዎቹ ቆሙ፤ ከሥራቸው ያለው ኮረት ግን አልቆመም። ከኋላ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ዘለለ፤ ድንጋይ አንስቶ ከጎማው ሥር ወረወረ። የመጀመሪያው ድንጋይ ተጨፈለቀ። ሁለተኛው ያዘ። ከገደሉ የቀረው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ነበር።

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች።

«ሚካኤል ያዛት» አሉ መሪጌታ ህሩይ።

«ሹፌሩስ?» አለ ድንጋይ የወረወረው ሰው ወደ መስኮቱ መጥቶ። «ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬ አልቀን ነበር። ሸጋ ሹፌር ነህ፣ እጅህ ይባረክ።»

አላምረው ደነገጥኩ እንዳይል አልደነገጠም። ልቡ እንኳ በወጉ አልመታም። ስምንት ሰው ከኋላውና ከጎኑ ይዞ ገደል አፍ ላይ ሲደርስ ያሰበው፣ ጫማው የት ነው ብሎ ነበር። ሌላው ሁሉ አልፎ ይህ ነገር ብቻ አልወጣለት አለ።

ከላይ ደርሰው ሰዎቹ ሲወርዱ እሱም ወርዶ መኪናዋን ዞረ። ተመልሶ ሲመጣ ዝናሽ መሬቱን እያየች ነበር።

«አያ አላምረው፣ እግርህ ይደማል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። በካልሲ ነው የወረደው። እሾህ ከውስጥ እግሩ ገብቶ ቁራጩ ብቻ ይታያል፤ መኪናዋን የዞረበት ሁሉ በቀይ ነጠብጣብ ተከቧል።

«ይደማል» አለ።

ተቀመጥ አለችው። ለከብት የምትይዘውን መቆንጠጫ አውጥታ እሾሁን ነቀለች። ፊቱን እያየች ነው የነቀለችው። ፊቱ አልተለወጠም። በመርፌ ጫፍ አውራ ጣቱን ነካች፤ ቀጥላ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥላ ባቱን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

ፋሻ ስትጠቀልልለት እሱ ነው የተናገረው።

«አንድ ገበሬ እንዲህ ያለ እግር ያለው በሬ ቢያመጣልሽ ምን ትይዋለሽ?»

«አትጥመደው እለዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገበሬው ያውቃል» አለችና፣ ምን እንዳለች ሲገባት ቀና ብላ አየችው። እሱ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ወይም ፈገግ ለማለት ሞክሮ ነበር። «አንተ በሬ አይደለህም» አለች።

«በሬስ ባለቤቱ ያውቅለታል።»

ሲመለሱ ማንም አልተሳፈረም። መስኮቱን ዘግቶ ሞተሩን እያዳመጠ ጎንደር ድረስ በዝግታ ነዳ። ዝናሽ አራዳ ስትወርድ፣ «ለአንዳርጋቸው እኔ አልነግረውም፤ አንተ ትነግረዋለህ» አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንዳርጋቸው ቢሮ አምስት ሆነው ተቀመጡ። ሰጠኝ የሚባለው ሁለተኛው ሹፌርና ጋራዡን የያዘው ወንዴም አሉ። ዝናሽ በሩ አጠገብ ናት።

«ምንም የሚያነጋግር የለውም» አለ ወንዴ። «በማርሽ ትሁን። ቁልቁለት ላይ ማርሹ ራሱ ይይዛታል። ካምቢዮዋ ቢበላሽ ደባርቅም ዳባትም የሚፈታ አይጠፋም። ባትሪ ቢሞት አምስት ገበሬ ገፍቶ ያስነሳታል። አውቶማቲክ ተበላሸች ማለት ተጭና ጎንደር መግባት ነው፤ ከዚያም ዕቃዋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መቀመጥ። ያውም መንገዱ ከተከፈተ።»

«እኔ አዲሶቹን ነድቻቸዋለሁ፤ ቁልቁለት ላይም ማርሽ መያዝ ይቻላል» አለ ሰጠኝ። «ዳገት ላይ ደግሞ ቆማ ስትነሳ ወደ ኋላ አትልም። ግን እዚህ ሰው ፊት ምን ያናግረኛል፤ የተኛ ሰው ነህ እባላለሁ።»

ሳቁ። አንዳርጋቸው እስክሪብቶውን ለአላምረው አቀበለው። «እንግዲህ ባለቃሉ ተናገር።»

አላምረው እስክሪብቶውን ያዘ። በማርሽ ብሎ ቢፈርም ነገ እንደ ትናንት ይውላል፤ ደመወዙም፣ ስሙም፣ ሰላምታውም። ሁለተኛውን ድንጋይ አሰበ። ያ ሰው ድንጋይ ባያገኝስ? አገሩ ድንጋይ የሞላው ነው፤ ያገኝ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ አያገኝም።

«አውቶማቲክ» አለ።

ወንዴ ሳቀ። ሰጠኝም ሳቀ። ከዚያ ቀና ብለው አዩት።

«ምነው፣ እንቅልፍ ጀመረህ?» አለ ሰጠኝ፣ ድምፁ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልሆነለትም።

«ምክንያት የሚል ቦታ አለው» አለ አንዳርጋቸው። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

ማምለጫ ነበረው። ዳገት ላይ ወደ ኋላ አትልም የሚለውን ሰጠኝ አስቀድሞ አቅርቦለታል፤ እሱን መድገም ብቻ ነው። ዝናሽ ጫማዋን እያየች ነበር።

«የአላምረው ግራ እግር አይሰማም ብለህ ጻፍ» አለ። «ፍሪሲዮን የማልረግጥባትን መኪና ካልነዳሁ ሰው እገድላለሁ። ረቡዕ ስምንት ሰው ልገድል ነበር፤ የጃናሞራ ሰው ነው ያተረፈን።»

አንዳርጋቸው በሌላ እስክሪብቶ ጽፎ ጨረሰና እጁን ዘረጋ። አላምረው እስክሪብቶውን መሰለውና ሊሰጠው ሲል፣ የመኪናዋን ቁልፍ እንደሆነ ገባው። ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

ድርጅቱ ሐኪም ዘንድ ላከው፤ ሐኪሙ ዓይኑን አስጨፍኖ በመርፌ ወጋው። በየጊዜው «ተሰማህ?» ይለዋል፤ እሱም «አልተሰማኝም» ይላል፤ መዋሸት ሲተው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እያሰበ። ነርቩ እንደማይመለስ ነገረው። ቀኝ እግሩን ሲወጋው ግን ዘለለ። ወረቀቱ ላይ፣ ግራ እግርን የማይጠይቅ መኪና መንዳት ይችላል ተብሎ ተጻፈ። መኪናዋ እስክትመጣ ስድስት ወር ያህል ከመጋዘኑ በር ላይ ተቀመጠ። ቃሉም እንደ ፊተኛው መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ አሁን የሚደግሙት በእሱ ላይ ነው። ሰማ፤ ብዙም አልተሰማውም።

በግንቦት አዲሷ መኪና መጣች። በመጀመሪያው ሳምንት ዳገት ባየ ቁጥር ግራ ጉልበቱ ብድግ እያለ ባዶውን ወለል ይረግጥ ነበር። ዝናሽ አየችና እንዳላየች ሆነች።

በሦስተኛው ጉዞ ጃናሞራ አደሩ። የክትባቱ ማቀዝቀዣ ከመኪናዋ እንደተሰካ አድሮ ባትሪውን ጨርሶ ኖሮ፣ ጠዋት ቁልፉን ቢያዞር ድምፅ የለም። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። የመንደሩ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ሳይጠሩ መጡ፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው እጃቸውን ከኋላዋ አኖሩ። ከፊት ያለው፣ ያን ቀን ድንጋዩን የወረወረው ሰው ነው፤ ስሙ ዳኛው ይባላል፤ አላምረው ያወቀው አሁን ነው።

«ተዉት» አለ አላምረው ወርዶ። «ይቺ በመገፋት አትነሳም።»

«ምነው? እንግፋት እንጂ፤ ስንት ገፍተን የለም?»

«ያችኛዋን ነው። ይቺ ባትሪ ካላገኘች አትነሳም። ደባርቅ ያለው ሰጠኝ ሌላ መኪና ይዞ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

«ታዲያ ያችኛዋን ምን አደረግካት? ይቺን ምን ትሠራልህ ብለው ሰጡህ?»

አላምረው እግሩን አሳየው። «ይህ እግር አይሰማኝም። ያችኛዋን መንዳት አልችልም። ያን ዕለት የተንሸራተትነውም በእሱ ነው።»

ዳኛው እግሩን አየ፣ መኪናዋን አየ።

«ይህንማ ቀድመህ አትነግረንም ነበር?» አለ። «ድንጋይ ይዘን ዳገቱን ሁሉ እንከተልህ ነበር።»

ሰዎቹ እጃቸውን ከመኪናዋ አነሱ። አላምረው ይሄዳሉ ብሎ ጠበቀ፤ የሚገፋ ነገር የለም፣ ማሳው ይጠብቃቸዋል። አልሄዱም። አንድ በአንድ ፀሐይ ያረፈችበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ለእሱም ቦታ ለቀቁለት። አንዱ ስለ በጎቹ ሳል ዝናሽን ይጠይቃል፤ ሌላው ሰጠኝ ስንት ሰዓት ይደርሳል ይላል። ከደባርቅ ቢያንስ ግማሽ ቀን ነው።

ሄዶ መካከላቸው ተቀመጠ። ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ ወጣች። ቀኝ እግሩ ሞቀው። ግራውንም ቀጥ አድርጎ ዘረጋና ከቀኙ አጠገብ አኖረው፤ ጫማው መኖሩን ለማየትም ጎንበስ አለ።