ጠይብ የቀደደው የዳዊት ገጽ

ሀምዲያ ስትስቅ አይቻለሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይማልልኝ። ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ባለው መደዳ የእሷ የቅመም ሱቅና የእኔ የቁልፍና የዚፕ ሱቅ በአንድ ቆርቆሮ ከተዋሰኑ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በዚያ ቆርቆሮ አልፎ ያልሰማሁት ቁጣ የለም። ኮረሪማውን ብታሸትባት ትቆጣለች፣ ሰላም ካላልካት ትቆጣለች፣ ሰላም ካልካትም «ምን ፈልገህ ነው?» ትልሃለች። ባለፈው ሰሞን ግን የተቆጣችው በእውነት ነው። እኔም አብሬያት ተቆጥቻለሁ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ሀምዲያ ከወራቤ የመጣችው በልጅነቷ ነው። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ሲሆን ከዚያ ወዲህ ያስተማራት መጠቅለያዋ ነው። ቆራሌዎች ከየቤቱ የለቀሙትን አሮጌ መጽሐፍ በኪሎ ያመጡላታል፤ እሷም እየቀደደች እርድና ጥቁር አዝሙድ ትጠቀልልበታለች። አንድ ሕግ ግን አላት። የሰው እጅ የጻፈበት መጽሐፍ አይቀደድም። የባለቤቱ ስም ያለበት፣ «ለማልረሳህ ጓደኛዬ» የተባለበት ሁሉ ከጣሪያው ሥር ወዳለው የእንጨት ቆጥ ይወጣል።

«ሰው ስሙን የጻፈበትን ወረቀት በሚጥሚጣ አላቃጥልም» ትላለች።

መጽሐፉ ስለ ንብ ርባታ ይሁን ስለ ሕግ ደንታ የላትም። የምትፈልገው የፊተኛውን ገጽ ነው፤ ማን ለማን ሰጠው፣ ከማን እጅ ማን እጅ ገባ። በአጭሩ ሐሜት ነው። እኔ በሕያዋን ላይ የምሠራውን እሷ በሙታን ላይ ትሠራለች። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በአንድ ቀን «ለብቸኛዋ ፍቅሬ» እያለ ለሁለት ሴቶች የሰጣቸውን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ደርድራቸዋለች። «ይፋጠጡ!» ትላለች።

አምና አንድ የታተመ አሮጌ ዳዊት መጣላት። ድሮ ሰው ልጅ ሲወለድለት፣ ዘመድ ሲሞትበት በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ይመዘግብ ነበር። ይሄኛውም ባለቤቱን ይናገራል፤ የፍቼው ኃይለየሱስ። ሀምዲያ እንደ ልማዷ አውቶቡስ ተራ ወርዳ ለፍቼ አውቶቡስ ረዳቶች ስሙን ነገረቻቸው። ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ተደወለ። የደወሉት ወይዘሮ ወለተ ማርያም ይባላሉ፤ የኃይለየሱስ ልጅ ናቸው፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው።

ያሉትን በቆርቆሮው ሰማሁ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሀምዲያ ስልኳን ድምፁን ለቃ ነው የምታወራው። ያሳደጓቸው ሴት የሞቱ ዕለት ለቅሶ ላይ አንዷ «ለእንጀራ እናት እንዲህ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም» ስትል ሰሙ። እስከዚያ ቀን ወላጅ እናቴ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። አባትየው ቀድመው ሞተዋል፣ የሚያውቅ ሰው አልቋል። የወለደቻቸው ማን እንደሆነች የተጻፈው በዚያ ዳዊት ላይ ብቻ ነው፤ ዳዊቱ ደግሞ ቤት ሲሸጥ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ለቆራሌ ተሰጠ።

«እናትዎን አግኝቻቸዋለሁ» አለች ሀምዲያ።

«ስሟን ንገሪኛ!»

«ከቅመም ሻጭ አፍማ አይሰሙትም። የአባትዎን እጅ ጽሑፍ በዓይንዎ ያያሉ። ቅዳሜ ይምጡ።»

«ምናለ ብትነግሪያቸው?» ብላት ተቆጣች።

በዚያው ሳምንት ለለቅሶ ወራቤ ሄደችና ሱቁን ለእህቷ ልጅ ለጠይብ ተወችለት። ጠይብ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ማርኬቲንግ ተምሯል፣ ዲግሪ አለው። ለሆቴል እንግዳ መቀበያ አሮጌ መጽሐፍ የሚደረድር አንድ ሰው መጥቶ «ያልተሞነጫጨረባቸው ከሆኑ ሁሉንም እወስዳለሁ» ይለዋል። ጠይብ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆጥ ላይ ወጥቶ ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ የተጠበቀውን ጽሑፍ አንድ በአንድ ቀደደው! ሦስት መቶ አርባ ገጽ! በዚያ ላይ ፌስታል ከቀረ ወዲህ መጠቅለያ ጠፍቷልና ገጾቹን ከሱቁ ሽቦ ላይ ሰካቸው።

ሀምዲያ የመጣችው ዓርብ ነው።

«አክስቴ፣ ሰርፕራይዝ! ሁሉንም አጸዳሁልሽ፤ ሰውየው ሰኞ መጥቶ ይወስዳቸዋል» አላት።

«ገጾቹስ?»

«የቆሸሹት? ጠቀለልኩባቸው። አንድም አላባከንኩም።»

አላባከንኩም! ዲግሪውን የሰጠው ሰው አሁን የት ነው ያለው?

«አንተ ገልቱ! እኔ በመሠረተ ትምህርት የገባኝ አንተ በዲግሪ አይገባህም?» ብላ ዘነዘናዋን ስታነሳ ያዝኳት። ለምን እንደያዝኳት አሁንም ይቆጨኛል።

ሱቄን ዘግቼ ሦስታችን ገዢዎቹን ፍለጋ ወጣን። እስኪመሽ ያገኘነው አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ግማሹ እርድ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል። የዳዊቱን ገጽ የወሰደችው ጭድ ተራ ምግብ ቤት ያላት ሎዛ ነበረች።

«ያቺ ቀይ ቀለም ያለባት? ከሰል አቀጣጠልኩባት። ምነው?»



ቅዳሜ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ወንበር ብንሰጣቸው «ቆሜ ነው የማያት» አሉ። ሀምዲያ ዳዊቱን በሁለት እጇ ይዛ እውነቱን ነገረቻቸው። በሃያ ስድስት ዓመት ድምፅዋ ሲያንስ ያን ቀን ሰማሁ።

«በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብለው ጮኹ ሴትዮዋ። «የእናቴን ስም በሽቦ ላይ ልታንጠለጥይው ነው ወይ ያስቀመጥሽው?»

«ልክ ነዎት፣ የኮራሁት እኔ ነኝ። ግን በቃሌ አለ። መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ።» ዓይኗን ጨፍና እንደ ዳዊት ደጋሚ ወረደችው። «በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት አምስት፣ በአቡዬ ዕለት፣ ሚስቴ የሻረግ ሴት ልጅ ወለደችልኝ። የሻረግ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። ልጅቱን በክርስትና ወለተ ማርያም አልናት። ከግራ ጆሮዋ በስተኋላ ማርያም የሳመቻት ምልክት አላት።»

 ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሻሻቸውን ፈተው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«እኔ አይቼው አላውቅም። እስቲ እይልኝ፣ አለ?»

ፀጉራቸውን ገለጥ አደረግሁ። የኑግ ፍሬ የምታህል ጥቁር ምልክት አለች።

«አለ፣ እማማ።»

«የሻረግ» አሉ። ቀስ ብለው ደገሙት። አሁን ተቀመጡ። ቆይተው ዳዊቱን ለሀምዲያ መለሱላት። «ጻፊው።»

«እኔ? በዳዊት ላይ?»

«ታዲያ ያነበበው ሌላ ማነው?»

በተረፈው ባዶ ገጽ ላይ በመሠረተ ትምህርት ፊደሏ ጻፈችው። ሲያልቅ ከሥሩ ጨመረች፦ «ከላይ ያለውን በአባትየው እጅ ተጽፎ ያነበብሁት እኔ ሀምዲያ ነኝ። ያንን ገጽ የቀደደው የእህቴ ልጅ ጠይብ ነው።»

«አክስቴ፣ በአላህ፣ የእኔን ስም አጥፊው!»

«ተወው ልጄ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ዳዊቱን በነጠላቸው እየጠቀለሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

አሁን ጠይብ በየቀኑ ቆጡ ላይ ተቀምጦ ሀምዲያ ከታች እየጠራች የተቀደዱትን በየመጽሐፋቸው ይጽፋል። መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል። የምታስታውሰውን በቁጣ ትጠራለች፤ የጠፋባት እንደሆነ ደግሞ ዝም ትላለች፣ ቆርቆሮውም ዝም ይላል፣ ያኔ እኔ ነኝ ከዚህ ማዶ ሆኜ ጠይብን የምሰድበው።