የጳጉሜ ሥዕል

የሳሙና ፋብሪካው ጸሐፊ ተሻለች ድሮም በሰው ፊት መቆም አይሆንላትም። ያን ቀን ደግሞ የቆመችው ከኮምፒዩተሩ ጋር ነው። ከግንቦቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ዞር ዞር ይላል፤ እሷም አሳሪ የሚገባ እየመሰላት ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ጳጉሜ ሦስት የምርት ግምገማ ነበር። ከፓርቲው የመጣው ካድሬ፣ ጓድ ክፍሉ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ማሽኑን የተከለውና እሷን ያስተማራት ጉግሳ ጥግ ይዟል። ጉግሳ አምና "አሻጥር ሠርተሃል" ተብሎ ታስሮ ከተፈታ ወዲህ አፉን ዘግቷል።

ተሻለች ማክሮውን አስነሣች። ማክሮ ማለት በአንድ ቁልፍ ተጠርተው ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትዕዛዞች ናቸው፤ የሷ ማክሮ የወሩን ቁጥር ጠይቆ የዚያን ወር ምርት የሚያሳየውን የግራፍ ሥዕል ከዲስኩ አንሥቶ ያወጣል። አሥራ ሦስት ብላ መታች። ስክሪኑ ጨለመ።

"ምርቱ የት ገባ?" አለ ካድሬው።

"አቦ፣ ቶሎ በይ እንጂ!" አላት ሥራ አስኪያጁ በድሩ ከኋላዋ በሹክሹክታ።

ዲስኩን አውጥታ አቧራውን እፍ አለችና መለሰችው። ያው ጨለማ። ገመዱን ነካካች። ምንም። ቬንቲሌተሩ ፊቷ ላይ እየነፋባት ላቧ ይንቆረቆራል። ጨንቋት አሥራ ሁለት ብትመታ የነሐሴ ሥዕል ቦግ አለ! እንግዲያው ዲስኩም ስክሪኑም ደኅና ናቸው። ጉዱ ያለው ማክሮው ላይ ነው።

ያኔ ገባት፤ ሲገባት ፍርሃቷ ባሰ። ማክሮውን የገለበጠችው ከደመወዝ መክፈያው ማክሮ ነው። ደመወዝ ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜ ይሠራባታል እንጂ አይከፈልባትም። የጳጉሜን ሥዕል ዲስኩ ላይ ብታኖርም ማክሮው ከአሥራ ሁለት ማለፍ አያውቅም። ጳጉሜ አትከፈልም ብሎ በካድሬ ፊት ይወራል?

"ይህን ማሽን የተከለው ማነው?" ጓድ ክፍሉ ብዕሩን መዘዘ።

ጉግሳ አመድ መስሎ ተነሣ። ተሻለች ቀደመችው።

"እሱ የለበትም! ጥፋቱ የኔ ነው ጓድ።"

"ነይ እስቲ ወዲህ። እንዴት ያንቺ ሆነ?" አለ ካድሬው።

ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከደመወዝ ላይ ገልብጬው ነው። ጳጉሜ ደመወዝ ስለሌላት... ረሳኋት።"

ይጮህብኛል ስትል እሱ በሩን አየ። እሷ ስታየው የዋለችውን ያንኑ በር።

"ጳጉሜን ለኔም አይከፍሉኝም" አለ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ወዲያው ወደ ሰዉ ዞሮ ጮኸ። "መብራት ነው! መብራቱ ነው ያስቸገራት። ግምገማው ይቀጥል!"

ብዕሩን ከድኖ ኪሱ ከተተና ዳግመኛ በሩን አየ።