የፈውዚያ የስቶፕ ጨዋታ

ፈውዚያ የጥቁር ሰሌዳው ጫፍ ላይ የምትደርሰው ወንበር ላይ ወጥታ ነው፤ ድምፅዋ ግን ከጉንደ ወይን ከተማ አንዱ ዳር እስከ ሌላው ይሰማል። ጨርቅ ነጋዴው አባቷ አብዱልቃኒ «አላህ ይህን ጉሮሮ የሰጠሽ ለሱቅ ነበር፤ ትምህርት ቤት ወስደሽ አባከንሽው» እያለ ያሾፍባታል። እሷ ግን ሦስተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ሌላ ሥራ አያምራትም።

«ስቶፕ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት ብዙ ለፍታለች። አማርኛ እግር ቆመ፣ ዝናብ አባራ፣ ሥራ ተቋረጠ እያለ ለየራሱ ሲያከፋፍል፣ እንግሊዝኛ ያችኑ አንዷን ቃል በየቦታው ይልካታል። ልጆቹ ግራ ቢገባቸው ጨዋታ ፈጠረች። «ስቶፕ!» ስትል ሁሉም ባለበት ድርቅ ይላል። ከዚያ «ሩጡ! እባብ መጣ!» እያለች ታታልላቸዋለች፤ የተነቃነቀ ይወጣል። የሚፈታቸው «ጎ»፣ ማለትም «ሂዱ»፣ የሚለው ቃል ብቻ ነው። ሃኒ የምትባል የገበሬ ልጅ ተሸንፋ አታውቅም፤ ዝንብ ቅንድቧ ላይ ቢሄድ እንኳ ንቅንቅ አትልም።

በአንድ የገበያ ቀን ልጆቹ ተለቅቀው አስፋልቱን ሊሻገሩ ግር ብለው ወጡ፤ ፈውዚያ ከኋላቸው ነበረች። ከቁልቁለቱ ላይ እህል የጫነ አይሱዙ ጡሩንባውን እያስጮኸ መጣ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ፍሬን በጥሷል! ዞር በሉ!» ይላል። ፈውዚያ ሳታስበው ጮኸች።

«ስቶፕ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዳር የነበሩት ባሉበት ቀጥ አሉ፤ እሰየው። ሃኒ ግን አስፋልቱ መካከል ደርሳ ነበር። እሷም ቀጥ አለች።

«ሃኒ፣ ሩጪ! መኪና መጣብሽ!»

ልጅቱ ፈገግታዋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነከሰች። የቲቸርን ተንኮል መቼ አጣችው! ፈውዚያ ልጅቱን የምትፈታበትን ቃል ፈለገች፤ አንዲት ፊደል የምታህል ቃል ከምላሷ ጠፋች። ያን ጊዜ የሠራችውን አወቀች፤ ልጆቹ እውነተኛ ጩኸቷን እንዳያምኑ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። ቦርሳዋን ወርውራ ሮጠች። ሃኒን ከመሬት መንጭቃ፣ ማዶ ያለው ቦይ ውስጥ ተያይዘው ወደቁ። አይሱዙው በነፋሱ ገፍትሯቸው አለፈ፤ ታች የአሸዋ ክምር ላይ ተሰክቶ ቆመ።

ፈውዚያ ክርኗ ተልጦ፣ ትንፋሽዋ አልመለስ አላት። ሃኒ እቅፏ ውስጥ እጅ እግሯን እንዳደረቀች ናት። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«ቲቸር» አለች ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ፣ «እኔ አልተነቃነቅኩም፤ ያነቃነቁኝ እርስዎ ነዎት። አሸነፍኩ አይደል?»

«አሸንፈሻል» አለቻት ፈውዚያ፤ ቦዩ ውስጥ እንደተቀመጠችም ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።