ከዙሁር በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

አላህ ይዘንላቸውና፣ አጎቴ ሐረር ፈረስ መጋላ ካለው ቢሯችን ለዙሁር ሶላት የሚወጡት ከሁላችን በኋላ ነበር። አሮጌው የመዝገብ ፕሮግራም ቀትር ላይ እየቆመ ሲያስቸግረን እኛ ቫይረስ ነው አልን። ምክንያቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው። አዛን ሲሰማ የከፈትነውን ፋይል ሳንዘጋ እንነሳለን፤ ቢሮ የቀረ ሰው ያንኑ ፋይል ከራሱ ኮምፒውተር ሊከፍት ሲሞክር ፕሮግራሙ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይቆማል፤ ስክሪኑም ፋይሉን የያዘውን ሰው ስም ያሳያል። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ቆመው "ዘግተሃል ወይ?" ሳይሉ አያሳልፉንም ነበር።

አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳሉ ከወንበራቸው ወደቁ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

ከቀብር በኋላ ሥራ ስንጀምር ፕሮግራሙ ቆመ። አብራን የምትሠራውን አልማዝን "ማን ይዞታል ይላል?" አልኳት።

ስክሪኑን አይታ "እሳቸው" አለች።

ከወደቁ ወዲህ ኮምፒውተራቸውን ማንም አልነካውም ነበር፤ የከፈቱት ፋይል እንደተከፈተ ነው። ሄጄ ፋይሉን ዘጋሁት። ስማቸው ከሁሉም ስክሪን ጠፋ፤ ሥራው ቀጠለ።